ከአሮጌ የፕላስቲክ ወታደር የቃኘው ዘማች ማውጣት

በ1/16 መጠን በተሠራ የፕላስቲክ ወታደር ላይ የኮቱ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ከወፈረ፣ ልኩ ወደ እውነተኛው ሰው ሲመለስ 16 ሚሊሜትር ይሆናል። ወታደሩ የለበሰው ጨርቅ ሳይሆን ጣውላ ነው ማለት ነው። ትላልቆቹ አሮጌ የታሪክ ሰው ኪቶች፣ የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1/12 ያወጣቸው ጁሊየስ ቄሳርና ሄንሪ 8ኛም ጭምር፣ አንድ የጋራ ችግር አላቸው። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ከሁለት በኩል ገጥሞ ስለሚከፈት፣ ከሥር የተቦረቦረ ነገር ሳይሰብር ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የኮሌታው ሥር፣ የቀበቶው ጀርባ፣ የእጅጌው አፍና የጣቶቹ መሐል ሁሉ ተደፍኖ ይወጣል።

አሮጌ ኪት የሚያሻሽል ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ማጣበቂያና መሙያ ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል ግን መቀነስ ነው፤ ያለ ቦታው የተደፈነውን ፕላስቲክ ማውጣት።

እንዲህ ያለው ኪት አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ሳጥኑ የተቀደደ፣ ግማሹ የተገጠመ፣ አንዳንዴም ልጅ ቀለም የቀባው። የሞዴል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው በሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ በመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ በጽሕፈት መሣሪያ መደብርና በፋርማሲ ይገኛል።

ለመጀመሪያ ሥራ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ይመረጥ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ የአሜሪካን የራስ ቁር፣ ልብስና መሣሪያ ታጥቋል። እጅ ላይ ያለው ኪት አሮጌ የአሜሪካ እግረኛ ወታደር ከሆነ እንግዲህ ልብሱን ከባዶ መቅረጽ አይጠበቅም፤ ለውጡ በፊት፣ በጫማ፣ በትጥቅና በትከሻ ምልክት ላይ ያርፋል። የአድዋ አርበኛ መሥራት ለሚፈልጉ በሰባተኛው ደረጃ ላይ የተወሰነ ነገር ተነሥቷል። እሱ ግን የሁለተኛ ጊዜ ሥራ ነው።

1. ከመቁረጥ በፊት መለካት

አንድ ግልጽ ፎቶ ይምረጡና የዚያን ፎቶ ሰው ይሥሩ። ከአምስት ፎቶ የተለቃቀመ ወታደር የክረምት ቆብ ከበጋ ሸሚዝ ጋር ለብሶ ይገኛል። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያና በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ያለው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ፎቶዎችንና ዕቃዎችን ያሳያሉ። የአሜሪካ ጦር ያነሣቸው የዘመቻው ፎቶዎችም በብዛት ታትመዋል።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 የሆነ ሰው በ1/16 ወደ 107 ሚሊሜትር፣ በ1/12 ደግሞ ወደ 143 ሚሊሜትር ይደርሳል። ኤም-1 ጠመንጃ 110 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚረዝም በ1/16 ላይ 69 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በአሮጌ ኪቶች ጠመንጃው አጥሮ ወይም ወፍሮ፣ እጁ ደግሞ ገዝፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህን አሁን ካላወቁ በመጨረሻ ጠመንጃው እጅ ውስጥ አልገባም ሲል ያውቁታል፤ ያኔ ቀለሙ ደርቋል።

2. ማጠብና አሮጌ ቀለም ማውለቅ

አዲስ ቢሆንም ኪቱን በለብታ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት። ከፋብሪካው ቅርጽ የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይይዝም። ውኃው ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ይህ ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን የሚባለው፣ የፈላ ውኃ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ቀጭን ክፍል ደግሞ ከዚያ በፊትም ይጎብጣል።

አሮጌ የዘይት ቀለም ካለበት የመኪና የፍሬን ዘይት ውስጥ ነክረው በክዳን ዕቃ ያሳድሩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፣ መጀመሪያም በማይታይ ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ቲነርና ቤንዚን ግን አይጠቀሙ! ሁለቱም ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ወታደሩንም ያሟሙታል። በዚህ ስህተት የሚበላሸው ኪት ብዙ ነው።

3. መቀነስ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሚያስፈልገው 11 ቁጥር የቀዶ ሕክምና ምላጭ ከነመያዣው፣ 240፣ 400 እና 800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጭን ሞረድ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የሆኑ መሰርሰሪያዎችና ጥሩ ብርሃን ነው።

መጀመሪያ በጎንና በጎን የሚወርደውን የመጋጠሚያ መስመር ያጥፉ። ምላጩን ቀጥ አድርገው አቁመው ይፋቁ እንጂ አይቁረጡ። ምላጭ ተጋድሞ ሲቆርጥ ጠልቆ ይገባል፤ ቆሞ ሲፍቅ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ብቻ ያነሣል። መስመሩ በልብስ እጥፋት ላይ ሲያልፍ እጥፋቱን ተከትለው ይፋቁ፤ ደፍጥጠው ካለፉት እጅጌው መሐሉ የተተኮሰ ይመስላል።

ከዚያ ወደ ጠርዞቹ ይሂዱ። የኮቱ የታች ጫፍ፣ የኪስ ክዳን፣ የኮሌታ ጫፍ፣ የእጅጌ አፍ፣ የራስ ቁሩ ከንፈር። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ በኩል እየፋቁ ጫፉን ብቻ ያሳሱ። ሙሉውን ማሳሳት አያስፈልግም፤ ዓይን ውፍረትን የሚለካው ጠርዝ ላይ ነው፣ ጠርዙ ከሳሳ ቀሪው ሁሉ ጨርቅ ይሆናል። ሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ላይ ከደረሱ በ1/16 ላይ አምስት ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ለተደረበ የወታደር ኮት ይበቃል።

የእጅጌውን አፍ በመሰርሰሪያ ይቦርብሩ፣ ግን መሰርሰሪያውን በእጅ ያዙሩት። የኤሌክትሪክ ትራፓን በፍጥነቱ ፕላስቲኩን አሙቆ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ደግሞ በመሰርሰሪያው ላይ ተጠምጥሞ ክንዱን ይዞ ይነቀላል። የራስ ቁሩ ማሰሪያ ከጉንጭ ጋር አንድ ሆኖ ከተቀረጸ ሙሉ በሙሉ ፍቀው ያጥፉት፤ በኋላ በአዲስ ይተካል። ከደረትና ከወገብ ጋር ተጣብቀው የወጡ የትከሻ ማንገቻዎችም እንዲሁ። ማንገቻ ከጨርቅ ላይ አርፎ ጥላ መጣል አለበት፤ ከጨርቁ የበቀለ ከሆነ ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም።

ማለስለሱን በሳፋ ውኃ ውስጥ ያድርጉት። ውኃው የብርጭቆ ወረቀቱ እንዳይደፈን ያደርጋል፤ የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባም ይከላከላል።

4. አቋምን መለወጥ

አሮጌ ኪቶች ሰልፍ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በቀጭን የሲጌቶ ምላጭ በመገጣጠሚያ ላይ ቢቆርጡ አቋሙ ይለወጣል። የሚቆረጠው ቀበቶ በሚያልፍበት፣ ክርን በሚታጠፍበት፣ አንገት ኮሌታ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው፤ ቁስሉን ቀበቶውና ኮሌታው ይሸፍኑታል።

የተቆረጡትን በመዳብ ሽቦ ያገናኙ። ከ1.5 ካሬ ሚሊሜትር የቤት ኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የሚወጣው ነጠላ መዳብ ውፍረቱ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ስለሆነ በ1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ልክ ይገባል። ሳይጣበቅ አቁመው፣ አጎንብሰው፣ አዙረው ይዩት። ሚዛኑን ለመፈተን ከአንገቱ ሥር፣ ከጉሮሮው ጎድጓዳ ላይ፣ ክር በትንሽ ክብደት ይልቀቁ። ሰውየው በአንድ እግሩ ላይ ካረፈ ክሩ የዚያን እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ መንካት አለበት። ካልነካ ምስሉ የሚወድቅ ይመስላል፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል።

አቋሙ ከተስተካከለ በኋላ በሱፐር ግሉ ያጣብቁት። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዳማ አየር ደረቅ ስለሚሆን ጠብታው አልይዝ ሊል ይችላል። መፍትሔው ሌላ ጠብታ መጨመር አይደለም፤ ሲበዛ ይብስበታል። ጥቂት ጠብ አድርገው አንድ ጊዜ እፍ ይበሉበት፣ የእስትንፋስ እርጥበት ይበቃዋል። ካለቀ ፊት አጠገብ ግን አይጠቀሙበት፣ ትነቱ ነጭ ዳመና ይተዋል።

5. ክፍተት መሙላትና እጥፋት መቅረጽ

ለዚህ እንደ ሊጥ የሚታሽ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ጋራዦች ለመኪና ቦዲ የሚጠቀሙበት ስቱኮ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ኬሚካል ፖሊስታይሪንን ያለሰልሳል። በስሱ ለጭረት ቢሆን ያልፋል፤ ወፍራም አድርገው ከሞሉበት ግን ሥሩ ያለው ግድግዳ ይሰረጉዳል።

ኢፖክሲ ሙቀትን ይከተላል። ከ1000 ሜትር ከፍታ በታች ባለችው መተሐራ እኩለ ቀን ላይ የታሸ ኢፖክሲ፣ ሻሸመኔ ላይ በማለዳ ከታሸው እጅግ ቀድሞ ይጠነክራል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሥራ ጊዜ በሙቀቱ እየቀነሱ ይውሰዱት፣ በአንድ ጊዜም የሽምብራ ፍሬ ያህል ብቻ ይሹ። መሣሪያውን በትንሹ በውኃ ያርጥቡ። ውኃ ከበዛ ሊጡ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል።

እጥፋት ከየትም አይመጣም። ጨርቅ ከሚወጠርበት ወይም ከሚታመቅበት ቦታ ይነሣል፤ ከክርን፣ ከብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከቀበቶ በላይ። ክንዱን ካጠፉት አሮጌዎቹ እጥፋቶች ሐሰት ስለሚሆኑ ፍቀው ያጥፏቸው፤ አዲሶቹ ከክርኑ እንዲፈነጥቁ ያድርጉ። ጥርጣሬ ከገባዎት ወፍራም ጃኬት ለብሰው መስታወት ፊት ይቁሙ።

6. ፊትና እጅ

የአሜሪካዊውን ፊት ወደ ኢትዮጵያዊ ሲለውጡ ብዙዎች ከንፈርና አፍንጫ ላይ ኢፖክሲ ይከምራሉ። ውጤቱ የካርቱን ፊት ነው። የዘማቾቹን ፎቶ ቀስ ብሎ ያየ ሰው ለውጡ ሌላ ቦታ መሆኑን ያስተውላል። አሮጌ ኪቶች በተለይ የሚያወፍሩት መንጋጋና አንገትን ነው፤ እነሱን ያቅጥኑ፣ የጉንጭ አጥንት ሥር ያለውን ጎድጓዳ ጠለቅ ያድርጉ፣ ከራስ ቁሩ ሥር በጆሮ አካባቢ የሚታየውን ለስላሳ ፀጉር ፍቀው በአጭሩ የተቆረጠ ፀጉር በመርፌ ጫፍ እየወጋጉ ይሥሩ። አፍንጫና ከንፈር ላይ የሚደረገው ለውጥ ፎቶው ላይ የመረጡትን አንድ ሰው ይከተል። ከዚያ አይለፍ።

በ1/16 ላይ ዓይን ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የላይኛውን የዓይን ቆብ በስስ የኢፖክሲ ክር አጉልተው ቀሪውን ለቀለም ይተዉት።

እጅ ላይ በጣቶች መካከል በምላጭ ጠለቅ ያለ መስመር ያውጡ። ጣት ከተሰበረ አይዘኑ፤ ቀጭን የመዳብ ክር ሰክተው ኢፖክሲ ቢያለብሱት ከመጀመሪያው ይሻላል። ጠመንጃውን በእጁ ውስጥ ይሞክሩ። ጣቶቹ እንጨቱን ካልነኩት ወታደሩ ጠመንጃ አልያዘም፣ ጠመንጃ ተለጥፎበታል።

7. ጫማ፣ ማንገቻ፣ ምልክት

የለስላሳ መጠጥ ወይም የቢራ ቆርቆሮ ግድግዳ ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው። በ1/16 ሲሰላ 1.6 ሚሊሜትር፣ የሸራ ማንገቻ ውፍረት ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከውጭ ቢያስመጡም አያገኙም። በመቀስ ቀጥኖ ከተቆረጠ በኋላ በጋዝ ምድጃ ነበልባል ትንሽ ቢሞቅ ይለሰልሳል፤ ከዚያም በደረት ላይ በእጥፋቱ ልክ ይተኛል። ጠርዙ ጣት ይቆርጣልና በወረንጦ ይያዙት። ለመቆለፊያዎቹ ቀጭን ሽቦ በፒንሳ እየታጠፈ ያገለግላል።

ኪቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ከሆነ በቅልጥሙ ላይ የሸራ ጋምባሌ ሊኖር ይችላል። በመረጡት ፎቶ ላይ ከሌለ ፍቀው ያጥፉትና ረጅም ቦት ጫማ በኢፖክሲ ይቅረጹ። አጭሩ የ1941 ሞዴል ጃኬት ከሆነም እስከ ዳሌ የሚወርድ፣ አራት ኪስ ያለው ጃኬት ለማድረግ የታችኛውን ክፍል ማስረዘም ያስፈልጋል። ይህ ከሥራዎቹ ሁሉ አሰልቺው ነው፤ ቢዘለል ግን ኮሪያ የሄደው ሰው ኖርማንዲ ቀርቶ ይታያል።

የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ላይ ያረፈ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፤ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች። በ1/16 አራት ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ትከሻው ላይ በቀጥታ ከመሳል በወረቀት ላይ ሠርተው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ከጀርባው አሳስተው ቢለጥፉት ይቀላል። የትኛው ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ከፎቶው ይወሰን፤ ተገልብጦ የታተመ ፎቶ እንዳያሳስትዎ የጃኬቱ አዝራር በየትኛው በኩል እንደሚቆለፍ ይመልከቱ።

አድዋን ለመረጡ ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ቦት ጫማና ጠባብ ዩኒፎርም ከለበሰ የናፖሊዮን ዘመን ኪት ይልቅ ክንዱና ቅልጥሙ የተራቆተ የሮማ ሰው ኪት ይሻላል፤ ባዶ እግር ከቦት ጫማ ውስጥ ቀርጾ ማውጣት አድካሚ ነው። ሸማውን በኢፖክሲ አይሥሩት፣ ይወፍራል። ሶፍት ወረቀት በውኃ በቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ነክረው ቢያለብሱት በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል። ጋሻው ግማሽ ሜትር ስፋት ካለው በ1/12 ላይ 42 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ስስ ኢፖክሲ በጭልፋ ጀርባ ላይ ዘርግተው ያጉብጡት። ጎራዴ ወይም ሾተል ከታጠቀ ደግሞ በቀኝ ጎኑ ይሁን፣ አብዛኞቹ የአውሮፓ ኪቶች በግራ ነው የሚያንጠለጥሉት። ውጅግራ ጠመንጃ ለማግኘት ከሌላ ኪት መዋስ ወይም ከፕላስቲክ ዘንግ መሞረድ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ልብሱንና ትጥቁን ለመመልከት ጥሩ ቦታ ነው።

8. ቀለም

አዳማ ዳርቻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ያ ነፋስ አቧራ ይዞ በመስኮት ይገባል፤ እርጥብ ቀለም ላይ የወደቀ አንድ ብናኝ በ1/16 ፊት ላይ ጠጠር ነው። ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ይቀቡ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይርጩ፣ የተቀባውን ወዲያው በካርቶን ሳጥን ይክደኑ። የሚረጭ ቀለም ከሆነ ሽታው ስለሚጎዳ ከቤት ውጭ ነፋስ በማያገኘው ጥግ ያድርጉት። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ሲበዛ ደግሞ በቲነር የሚቀጥን ቀለም ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ ዝናቡ ቆሞ አየሩ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

መጀመሪያ ስስ ግራጫ ቀለም ሙሉውን ያልብሱት። ጥቅሙ ቀለም ማስያዙ ብቻ አይደለም፤ ያመለጠ መስመር ሁሉ ይጋለጣል። ከጋራዥ የሚገዛ ስፕሬይ አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል። በኪቱ ክፈፍ ቁራጭ ላይ ሞክረው፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ይርጩ። ጉድለት ከታየ ወደ ሦስተኛው ደረጃ መመለስ ነው።

ለቆዳ የሠዓሊ የዘይት ቀለም ይመረጣል፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጥላና ብርሃን ለማዋሐድ ጊዜ ይሰጣል። ቀለሙን ካርቶን ላይ ጨምቀው ጥቂት ሰዓት ቢያቆዩት ዘይቱን ካርቶኑ ስለሚመጠው ሲደርቅ አያብረቀርቅም። ከጠርሙስ ቡናማ ቀለም ብቻ መቀባት ፊቱን የእንጨት ቅርጽ ያደርገዋል። ጥቁር ቡናማ፣ ወርቃማ ኦከርና ጥቂት ቀይ ይቀላቅሉ። ጥላውን በጥቁር ሳይሆን በጥቁር ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ በነካ ቡናማ ያጥልቁ፤ ብርሃኑን ነጭ በመጨመር አያንሡ፣ ነጭ የጠይም ቆዳን አመድ ያስመስለዋል፤ ኦከርና ብርቱካናማ ይበቃሉ። የዓይን ነጩም ነጭ አይሁን፣ ቡናማ ጠብ ያለበት ክሬም ይሁን።

ልብሱን በትክክለኛው የወታደር አረንጓዴ ከቀቡት ትንሽ ምስል ላይ ይጠቁራል። ትንሽ ኦከር ጨምረው ያፍኩት። የሕንፃ ዘይት ቀለም ካለዎት በአኳራጅ አቅጥነው፣ ማብረቅረቁን ለማጥፋት ጥቂት ታልክ ፓውደር ያዋሕዱበት።

9. መቆሚያ

ለዚህኛው ደረጃ የስምጥ ሸለቆ ሰው ዕድለኛ ነው። ለብሎኬት ማምረቻ የሚቀርበው ፑሚስ ቀላል፣ በመጋዝ የሚቆረጥና በቢላ የሚቀረጽ ድንጋይ ነው። የቡጢ ያህል ቁራጭ ለአንድ ወታደር ኮረብታ ይሆናል። ድንጋዩ ፈሳሽ ስለሚመጥ መጀመሪያ በቀጠነ ነጭ ኮላ አጥግበው ያድርቁት፤ አለበለዚያ ቀለሙን ሁሉ ይጠጣል። የተፈጨውን ፑሚስ በሻይ ማጥለያ ነፍተው ደቃቁን ለአፈር፣ ሻካራውን ለጠጠር ይጠቀሙበት። ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የግራር እሾህ ግን ይተዉ፤ እነሱ ዘማቹን ኮሪያ ሳይሆን ወለንጪቲ መንገድ ላይ ያቆሙታል።

በእያንዳንዱ እግር ሥር የመዳብ ሽቦ ሰክተው ድንጋዩን በስተው በኢፖክሲ ይትከሉት፣ ጫማውንም ዙሪያውን በአፈሩ ጥቂት ያስምጡት። ለማጓጓዝ ከመቆሚያው ይያዝ። ከቀትር በኋላ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ከመስታወቱ ሥር አይተዉት፤ ጠርዞቹ እንደዚያ ከሳሱ በኋላ ከሁሉ ቀድመው የሚጎብጡት የኮቱ ጫፍና የጠመንጃው አፈሙዝ ናቸው።